ሮታላ ከውኃ በታችና ከውኃ በላይ፦ አበላሽቼ የተማርኩት

ሮታላ በመስታወት የዓሣ ገንዳ ውስጥ ለጌጥ የሚተከል ተክል ነው፤ የመጀመሪያዎቹን አገዳዎች የጣልኳቸው በተከልኳቸው በ12ኛው ቀን ነው። ቅጠላቸው መጀመሪያ ጠቆረ፣ ቀጥሎ እንደ ራሰ ወረቀት ሳሳ፣ በመጨረሻም ጣቴን ባስጠጋሁ ቁጥር እየተበጣጠሰ ይንሳፈፍ ጀመር። ውኃው ደፈረሰ፤ ሽታም አመጣ። አልቆለታል ብዬ ሁሉንም ነቅዬ ደፋሁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ማጣሪያውን ላጥብ ሳወጣ ከኋላው ተወሽቃ የቀረች አንዲት አገዳ አገኘሁ። ከታች አንድ ቅጠል አልቀረላትም። አናቷ ላይ ግን ቀጫጭን፣ ወደ ሮዝ የሚያደሉ ቅጠሎች አውጥታለች፤ ከገዛሁት ክብ ቅጠል ጋር ምንም አይመሳሰሉም። ሌላ ተክል ከየት ገባ ብዬ ነበር መጀመሪያ። የጣልኳቸው ሁሉ እየሞቱ ሳይሆን ቅጠል እየለወጡ እንደነበር የገባኝ ያን ዕለት ነው።

ሮታላ ሮቱንዲፎሊያ የውኃ ተክል እየተባለ ይሸጣል እንጂ የረግረግ ልጅ ነው። በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ እስከ ቻይናና ጃፓን ድረስ፣ በሩዝ ማሳና በቦይ ዳር ይበቅላል፤ ለሩዝ ገበሬ አረም ነው። ዝናቡ ሲበረታ ይሰጥማል፣ ውኃው ሲሸሽ ጭቃው ላይ ይቀራል፣ በሁለቱም ይኖራል። በዘሩ የሮማንና የሂና ዘመድ ነው ቢባል አይን አይቶ አያምንም፤ ነገር ግን አንድ ቤተሰብ ናቸው። የስሙ ትርጉም «ክብ ቅጠል» ነው፤ ውኃ ውስጥ ብቻ ያየው ሰው ግን ክብ የሚባል ነገር አያገኝበትም፤ ክቡ ቅጠል የሚወጣው ከውኃ በላይ ነውና። ብዙ ጊዜ ሮታላ ኢንዲካ በሚል ስም ሲሸጥም ታገኙታላችሁ። ልዩነቱ የሚታወቀው ሲያብብ ነው፦ ሮቱንዲፎሊያ አበባውን በአገዳው ጫፍ ላይ እንደ ዘለላ ሲደረድር፣ ኢንዲካ ግን በየቅጠሉ ብብት ነጠላ ነጠላ አድርጎ ያወጣል።

አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳድጉት ከውኃ በላይ፣ ሥሩን አርጥበው፣ እርጥበቱ በበዛ ቤት ውስጥ ነው። በዚያ መንገድ ቶሎ ያድጋል፣ አልጌ (ዋቅላሚ) አይለብስም። እንግዲህ በትንሽ ማሰሮ የገዛችሁት ባለ ክብ ቅጠል ሮታላ ከነቅጠሉ ውኃ ውስጥ ኖሮ አያውቅም ማለት ነው። በአየር ውስጥ ያደገ ቅጠል ወፈር ያለ ነው፤ እርጥበቱ እንዳያመልጠው ሰም መሳይ ሽፋን ለብሷል፣ የሚተነፍስባቸው ስቶማታ የሚባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎችም አሉት። ውኃ ውስጥ ሲገባ ያ ሽፋን ይከለክለዋል እንጂ አይጠቅመውም። ተክሉ የሚመገበው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውኃ ውስጥ የሚሰራጨው አየር ውስጥ ከሚሰራጭበት ፍጥነት 10,000 ጊዜ ያህል ቀንሶ ነው። ስለዚህ ተክሉ አሮጌውን ቅጠል ለመጠገን አይደክምም። የሚጠቅመውን መልሶ ይስብና ይተወዋል፤ በምትኩ ስስ፣ ቀጭን፣ ጋዙንም ማዕድኑንም በመላ ገጹ የሚቀበል ቅጠል ይሠራል። ይህ ሥራ እንደ ብርሃኑና እንደ ሙቀቱ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳል።

በእነዚያ ሳምንታት መታየት ያለበት አናቱና አገዳው ብቻ ነው። አሁን ቅጠል ሲበሰብስ አልደነግጥም፤ አገዳውን በሁለት ጣቴ ያዝ አደርጋለሁ። ጠንከር ካለና አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ ሕያው ነው። ከታች ጀምሮ ከላመና ከጠቆረ ግን በእርግጥ እየበሰበሰ ነው፤ ጤነኛው ክፍል ላይ ቆርጬ እንደገና እተክለዋለሁ።

አተካከሉ ላይ መጀመሪያ ብዙ ስህተት ሠርቻለሁ። ማሰሮውን እንዳለ ጠጠር ውስጥ ቀበርኩት፤ መሀል ያሉት አገዳዎች ብርሃን አጥተው አለቁ። ዛሬ ማሰሮውን አወጣለሁ፣ ሥሩ የታቀፈውን ጥጥ መሳይ ሮክዉል በሳህን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ በወረንጦ እለቅማለሁ (ትዕግሥት የሚፈታተን ሥራ ነው፤ ጥቂት ቢቀር ግን ጉዳት የለውም)፣ አሮጌውን ሥር እቆርጥና አገዳዎቹን ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር አድርጌ እለያያቸዋለሁ። የታችኛውን አንጓ ቅጠል ገንጥዬ ያንን አንጓ አፈር ውስጥ አስገባዋለሁ፤ አዲሱ ሥር የሚወጣው ከአንጓው ነው። እያንዳንዱን ለብቻው፣ ሁለት ጣት ያህል አራርቄ። ቀጥ አድርጌ ስተክል ዞር ሳልል ይንሳፈፉብኝ ነበር፤ ወረንጦውን አጋድሞ ማስገባትና ላላ አድርጎ ወደ ጎን ማውጣት ችግሩን ፈታው።

አፈሩ ለተክል ተብሎ የተዘጋጀ ቢሆን ጥሩ ነው። ተራ አሸዋም ይሠራል፤ ከሥሩ ማዳበሪያ ጽላት መቅበር ግን ያስፈልጋል። አዲስ የተክል አፈር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዓሣ የሚመርዝ አሞኒያ ይለቃል፣ የሚበሰብሰው ቅጠልም ይጨምርበታል። ለዚህ ነው በእነዚያ ሳምንታት የውኃውን ሲሶ በሳምንት ሁለት ጊዜ የምቀይረው፣ የረገፈውንም ቅጠል ዕለት ዕለት በመረብ የማወጣው። በመመርመሪያ አሞኒያውም፣ ከእሱ የሚፈጠረው መርዛማ ናይትራይትም ዜሮ እስኪል ዓሣም ሽሪምፕም አላስገባም። የቧንቧ ውኃ ከሆነ ክሎሪኑን ማስወገድ አይረሳ፤ አሳድሮ መጠቀም ለክሎሪን ይሠራል፣ ክሎራሚን (የክሎሪንና የአሞኒያ ውህድ) ለተጨመረበት ውኃ ግን አይበቃም፤ ማርከሻ ያስፈልገዋል።

ብርሃን ሲበዛ የሚጠቀመው ሁልጊዜ ተክሉ አይደለም። ይህን የተማርኩት ኃይለኛ መብራት ገዝቼ በቀን 11 ሰዓት ካበራሁ በኋላ ነው። ሮታላው ገና ቅጠል እየለወጠ ስለነበር ብርሃኑን የተጠቀመበት አልጌ ሆነ። አገዳዎቹ ሁሉ አረንጓዴ ጸጉር አበቀሉ። አሁን የመጀመሪያውን ወር በቀን 6 ሰዓት አበራለሁ፤ ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት እየጨመርኩ 8 ላይ አቆማለሁ። ቁመቱ ይነግራችኋል፦ በአንጓና በአንጓ መካከል ያለው ርቀት እየረዘመ ከሄደ ተክሉ ብርሃን ፍለጋ እየተንጠራራ ነው። አጭርና ጥቅጥቅ ካለ፣ እንዲያውም ወደ ጎን መተኛት ከጀመረ፣ ብርሃኑ በቂ ነው።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ መጨመር ግዴታ ነው? አይደለም። ያለ እሱም ሁለት ዓመት አሳድጌዋለሁ፤ ዝግ ብሎ ያድጋል፣ ቀለሙም ወደ አረንጓዴ ያዘነብላል። ነገር ግን ከአየር ጋር ብቻ ሚዛን የያዘ ውኃ በሊትር ከ1 ሚሊግራም በታች ነው የሚይዘው፤ በጋዝ ጠርሙስ የሚጨምሩ ሰዎች የሚያነጣጥሩት 30 ሚሊግራም አካባቢ ነው። ልዩነቱ በሦስተኛው ሳምንት ዓይን ላይ ያርፋል። የምትጨምሩ ከሆነ መብራቱን ከማብራታችሁ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ጋዙን ክፈቱ፣ ማታ ዝጉ፤ ሌሊት ተክሉም ራሱ ኦክስጅን ስለሚጠቀም ዓሣዎቹ ይታፈናሉ። እኔ አንድ ጠዋት ዓሣዎቼ በሙሉ አፋቸውን ከውኃው ገጽ ላይ ደግነው አግኝቻቸዋለሁ። መክፈቻውን ማታ ረስቼው ነበር። የአየር ፓምፕ አስነስቼ፣ ግማሹን ውኃ ቀይሬ ተረፉ፤ በማግስቱ ከመብራቱ ጋር አብሮ የሚዘጋ የሰዓት መቆጣጠሪያ ገጠምኩለት።

ቀለሙን በሚመለከት ደግሞ ሌላ ጥፋት አለኝ። ሮታላ ቀይ የሚሆነው ናይትሬት (ናይትሮጅን የሚያገኝበት ማዕድን) ሲያንስበት ነው የሚለውን ሰማሁና ማዳበሪያውን ጭራሽ አቋረጥኩ። እውነትነት አለው፤ ብርሃኑ ጥሩ ሆኖ ናይትሬቱ በሊትር ከ5 ሚሊግራም በታች ሲወርድ ቀለሙ ወደ ብርቱካናማና ሮዝ ይሄዳል። እኔ ግን ናይትሬትን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ነበር ያስራብኩት። በሁለት ሳምንት ውስጥ አናቱ ነጣ፣ ታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆነ፣ አንዳንዱም በመርፌ የተወጋ መሰለ። ያኔ ነው ምልክቶቹን መለየት የጀመርኩት። አዲሱ ቅጠል ሲነጣ ብረት ነው የጎደለው፤ ብረት አንዴ ከተቀመጠበት ቅጠል ወደ ሌላው ስለማይሄድ እጥረቱ የሚታየው አናት ላይ ነው። አሮጌው ቅጠል ቢጫ ሲሆን ናይትሮጅን ነው፤ ተክሉ ከታች ነቅሎ ወደ ላይ ይወስደዋል። በአሮጌ ቅጠል ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ ካየሁ ፖታሲየምን እጠረጥራለሁ። ስለዚህ ቀለም ለምትፈልጉ ምክሬ ይህ ነው፦ ብረቱንና ፖታሲየሙን ሳታጓድሉ ናይትሬቱን ብቻ በዝግታ አሳንሱ። አለዚያም ከቬትናም የመጣውን «ህራ» የሚባለውን ዓይነት ፈልጉ፤ ያለ ብዙ ረሃብ ይቀላል።

አሁን ወደ መቁረጡ። በእኔ ግምት የሮታላ ውበት ሦስት አራተኛው ያለው መቀስ ላይ ነው። በየአንጓው ሁለት ቅጠል ፊት ለፊት ይወጣል (አንዳንዴ ሦስት)፤ በየቅጠሉ ብብት ደግሞ የተኛ እንቡጥ አለ። አናቱ እስካለ ድረስ እንቡጦቹን ተኝተው እንዲቆዩ ያዛቸዋል። አናቱን ስትቆርጡ ከቁርጡ በታች ያሉት ሁለቱ ይነቃሉ፣ አንዱ አገዳ ሁለት ይሆናል። እነዚያን ደግማችሁ ስትቆርጡ አራት። እኔ በመጀመሪያ ስስታም ነበርኩ፤ የውኃው ገጽ ላይ እስኪደርስ አልነካውም። ሲደርስ ከላይ ጥላ ጣለ፣ ከታች ያለው ቅጠል ሁሉ ረገፈ፣ ባዶ እግር ያለው ጫካ ቀረልኝ። ያንን ደረጃ ከደረሰ መቁረጥ ብቻውን አያድነውም፤ ራቁቱን የቀረው አገዳ ያቆጠቁጥ ይሆናል፣ ግን ይዘገያል። እንዲህ ያለውን ነቅዬ እጥላለሁ፤ ጤነኛውን አናት 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጬ በቦታው እተክለዋለሁ።

ቁጥቋጦ ለምትፈልጉ ግን መጀመሪያ የምትቆርጡት ቁመቱ ገና አጭር ሳለ ነው፤ ልታዩት ከምትፈልጉት ከፍታ በብዙ ዝቅ አድርጋችሁ። እጃችሁ እሺ አይልም፤ የእኔም አላለም። የመጀመሪያውን ከአፈሩ 5 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ሁለተኛውን ከዚያ ሁለት ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ፣ ሦስተኛውን እንደዚያው። ከፊት ያለውን አሳጥሬ፣ ከኋላ ያለውን አስረዝሜ፣ ጉብታ እንዲመስል። በቆረጥኩ ቁጥር የማይቀር ነገር አለ፦ ለአንድ ሳምንት ያህል የተላጨ ማሳ ይመስላል። እንግዳ የሚመጣበት ሳምንት ከሆነ አልነካውም። መቀሱም ስለታም ይሁን፤ የደነዘዘ መቀስ አገዳውን ይጨፈልቀዋል፣ ከተጨፈለቀው ቦታ መበስበስ ይጀምራል።

ፓሉዳሪየም፣ ማለትም ግማሹ ውኃ ግማሹ መሬት የሆነውን ሳጥን፣ የሠራሁት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ልምድ አለኝ ብዬ ከውኃው ውስጥ በጣም ያማሩትን ቀይ አናቶች ቆርጬ እርጥብ አፈር ላይ ተከልኳቸው። ቡና ጠጥቼ እስክመለስ ተኝተዋል፤ እስከ ማታ ደርቀው እንደ ሻይ ቅጠል ሆኑ። የመጀመሪያው ታሪክ ተገልብጦ መጣብኝ። የውኃ ቅጠል ሰም መሳይ ሽፋኑ እጅግ ስስ ነው፤ ደግፎ የሚያቆመው ውኃው ነበር። አየር ላይ ሲወጣ ያለውን እርጥበት በደቂቃዎች ያጣዋል።

የሚያዋጡ ሁለት መንገዶች አግኝቻለሁ። አንደኛው የተቆረጠውን አናት እርጥብ አፈር ላይ ማስተኛት፣ በመርጫ ማርጠብ፣ ክዳኑን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ነው። የአየሩ እርጥበት ወደ መቶ በመቶ ሲጠጋ የውኃው ቅጠል ባያምርም ከ10 እስከ 14 ቀን ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከየአንጓው ክብ ቅጠል ያለው አዲስ ቡቃያ ይወጣል። ከዚያ ክዳኑን በቀን ጥቂት ደቂቃ፣ በሳምንቱ አንድ ሰዓት፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ አለማምደዋለሁ። በአንዴ ከፍቼ የአንድ ወር ልፋት በአንድ ከሰዓት በኋላ አጥቻለሁ። ተዘግቶ የኖረው ሻጋታ እንዳያወጣ ደግሞ የበሰበሰውን ቅጠል በወረንጦ ቶሎ ማንሳት ያስፈልጋል።

ሁለተኛውን መንገድ እመርጣለሁ፤ ሥራውን ለተክሉ መተው ነው። በውኃውና በመሬቱ መገናኛ፣ ጥልቀቱ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር በሆነ ቦታ እተክለዋለሁ። አናቱ ራሱ ውኃውን ቀዶ ይወጣል። እግሩ ውኃ ውስጥ ስለሆነ አይጠማም፣ አናቱም ከአየሩ ጋር ቀስ ብሎ ይተዋወቃል። በአንድ አገዳ ላይ ከታች ቀጭን ሮዝ ቅጠል፣ መሀል ላይ የሁለቱ ድብልቅ፣ ከላይ ክብ አረንጓዴ ቅጠል ተደርድረው የሚታዩት እዚህ ነው። ይህን ለማየት ብቻ ሳጥኑ ፊት ተቀምጬ የማመሽባቸው ቀናት ነበሩ። ከወጣ በኋላ መሬት ለመሬት ይሳባል፣ ጭቃውን በነካ አንጓ ሁሉ ሥር ይሰዳል፣ ድንጋይና እንጨት ላይ ይወጣል። ከውኃው የሚረጭ ፏፏቴ ካለ አጠገቡ ብታደርጉት ይወዳል፤ ውኃው ግን ቅጠሉ ላይ ሳይቋረጥ እንዳይወርድ።

አበባውን ያየሁት ከውኃ በላይ በአራተኛው ወር ነው። ጫፉ ላይ ሐምራዊ የነካው ሮዝ፣ ከሩዝ ፍሬ የሚያንሱ አበቦች ተደርድረው። ውኃ ውስጥ እንዲያብብ አትጠብቁት። ጠንከር ያለ ብርሃን ያገኙት አገዳዎች ናቸው ያበቡልኝ፤ ጥላ ውስጥ የነበሩት ቅጠል ብቻ ሆነው ቀሩ። የገዛሁት ኢንዲካ ሳይሆን ሮቱንዲፎሊያ መሆኑንም በዚያው አረጋገጥኩ።

ከአበባው ጋር ክሽክሽ መጣ። ከውኃ በታች ሳለ የማያውቀው ጠላት ነው። ለጋው አናት ላይ ተለጥፎ ይመጠዋል፣ ቅጠሉ ይጨማደዳል። መድኃኒት መርጨት በፓሉዳሪየም አይታሰብም፤ ነፍሳት የሚገድል መርጫ ሽሪምፕንም ይገድላል፣ ወደ ውኃው መንጠባጠቡም አይቀርም። የረግረግ ተክል መሆኑ ያዳነን እዚህ ላይ ነው። የውኃውን ከፍታ አናቱ እስኪሸፈን ጨመርኩና ሁለት ቀን አሰነበትኩት። ተንሳፍፈው የወጡትን በመረብ ጠረግሁ፣ የተረፉትን ዓሣዎቹ ለቀሟቸው። ቅጠሉ ምንም አልሆነም፤ ለሁለት ቀን መስጠም ለእሱ የዝናብ ወቅት ነው። ከሳምንት በኋላ ግን ደገምኩት፣ ያመለጡ አልጠፉም ነበርና። በነገራችን ላይ አዲስ የገዛችሁት ተክልም የመድኃኒት ቅሪት ሊኖርበት ይችላል፤ ሽሪምፕ ያለበት ገንዳ ከሆነ ውኃውን በየቀኑ እየቀየራችሁ በባልዲ ሳምንት ያህል አቆዩት።

ከተቆረጠው የሚተርፈው ብዛቱ ያስገርማል፤ በየሦስት ሳምንቱ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ይወጣልኛል። ለሚፈልግ ሰው እሰጣለሁ፣ ገሚሱን በተዘጋ ዕቃ እርጥብ አፈር ላይ አስቀምጣለሁ፤ ገንዳው አንድ ቀን ቢበላሽ ዘሩ እንዳይጠፋብኝ። የቀረውን ግን ወደ ቦይ፣ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ኩሬ አልደፋም። በደቡብ ፍሎሪዳ ቦዮች ከ1990ዎቹ ጀምሮ ተገኝቶ አስቸጋሪ አረም ሆኗል፤ ለመራባት ዘር እንኳ አያስፈልገውም፣ አንድ አንጓ ያላት ቁራጭ ትበቃዋለች። ስለዚህ በትሪ ላይ ዘርግቼ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ፤ በጣት ሲነካ እስኪፈረካከስ ድረስ፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት አምስት ቀን። ከዚያ ነው ወደ ቆሻሻ የሚገባው።